አሮጌ ካርድ እያስሮጣችሁ ለወገን አትሽጡ

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ስም አልጠራም። ራሱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ደግሞም አንድ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመጻፍ አልቀመጥም ነበር።

ሰሞኑን ጉዴሌ ያለችኝ ቆርቆሮ ቤት፣ ማለቴ የጥገና ሱቄ፣ አንድ ልጅ ኮምፒዩተር በቦዳ ቦዳ ጭኖ መጣ። እዚህ ጁባ የሀበሻ ሰርግና ክርስትና እየቀረጸ የሚኖር ልጅ ነው። እቁብ ሲደርሰው ከወገን ሱቅ ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዛ፤ ውስጡ አርኤክስ 580 ግራፊክስ ካርድ አለ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ መዝነብ ጀመረ። የሰው ሰርግ በእጁ ነው፣ ቀብድ በልቷል፣ ቪዲዮው አይወጣም።

"ሻጩ ጋ ተመለስክ?" አልኩት።

"ተመለስኩ ጋሼ። 'አንተ ነህ ያቃጠልከው፣ ከእኔ ሲወጣ 72 ዲግሪ ነበር፣ በዓይንህ አይተሃል' አለኝ። እውነትም አይቻለሁ።"

እኔን ያናደደኝ ይኼ ነው። ሻጩ አልዋሸም! 72 ዲግሪ ነበር። ነገር ግን 72 የነበረው የት ነው? መስታወቱ ተዘግቶ፣ ኤሲው እያጉረመረመ፣ ክፍሉ 22 ዲግሪ በሆነበት ሱቅ ውስጥ ነው። ካርዱ ከክፍሉ አየር በ50 ዲግሪ በልጦ ይሞቃል ማለት ነው። ፋኑ ሙሉ በሙሉ እየዞረ ከሆነ፣ ጭነቱም ያው ከሆነ፣ ያ 50 የትም ብትወስዱት አይለቅም። አሁን ካርዱን ጉዴሌ አምጡት። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ሥር ያለ ክፍል 40 ይገባል። 40 ላይ 50 ስትደምሩ 90 ነው። አርኤክስ 580 ደግሞ 90 አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ገዢው "ፈጣን" ተብሎ ተጨማሪ ገንዘብ የከፈለበት ካርድ፣ ቤቱ ሲገባ ካልተነካካው ካርድ ያነሰ ይሮጣል። ፍጥነቱ ሱቁ ውስጥ ቀረ፤ ሙቀቱ ብቻ አብሮት ወደ ቤት ሄደ።

ኦቨርክሎክ የሚሉትን ለማታውቁ በአጭሩ ልበል። ፋብሪካው ለካርዱ ፍጥነት ወስኖ ይሸጣል። አርኤክስ 580 በ2017 ሲወጣ ከፍተኛው ፍጥነቱ 1,340 ሜጋኸርዝ ነበር፣ የሚበላው ኃይልም 185 ዋት ገደማ። ከዚያ በላይ በሶፍትዌር ገፍቶ ማስሮጥ ኦቨርክሎክ ነው። ካርዱ ሲገፋ መንገዳገድ ከጀመረ ቮልቴጅ ይጨምሩለታል። መዘዙ የሚመጣው ከቮልቴጁ ነው። ቺፑ የሚያወጣው ሙቀት ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በስኩዌሩ ነው የሚያድገው። የልጁን ካርድ 1,450 አድርገውታል፣ ቮልቴጁን ደግሞ ከ1.15 ወደ 1.2። ፍጥነቱ 8 በመቶ ጨመረ፤ የቺፑ ሙቀት ግን ወደ 18 በመቶ። ይህን የሂሳብ ማሽን ያለው ሁሉ ማረጋገጥ ይችላል።

ለመሆኑ 8 በመቶ ምንድን ነው? ጌም ላይ በሰከንድ 50 ፍሬም የነበረው በጥሩ ቀን 53 ወይም 54 ይሆናል። በዓይኑ የሚለየው ካለ ይምጣና ቡና በእኔ ሒሳብ ይጠጣ።

ካርዱን ፈታሁት። ፓስቱ እንደ ጠመኔ ደርቆ ይፈረካከሳል። ሜሞሪው ላይ የሚቀመጡት ፓዶች ዘይታቸውን ተፍተው ቦርዱን አላብተውታል። ከሁለቱ ፋኖች አንዱ በጣት ሲገፋ ግማሽ ዙር ሄዶ ይቆማል። ባዮሱም የፋብሪካው አይደለም፤ ሜሞሪው ለማይኒንግ እንዲፈጥን የተነካካ ነው። ውጪው ግን! ውጪው ታጥቦ፣ በአልኮል ተወልውሎ፣ ያበራል። የሞተን ሰው ሱፍ አልብሶ ለሽምግልና እንደ መላክ ነው።

እነዚህ ካርዶች ከየት እንደሚመጡ ሁላችንም እናውቃለን፣ አንደባበቅ። ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 ኢትሪየም በግራፊክስ ካርድ የሚደረገውን ማይኒንግ አቆመ። በዓለም ዙሪያ ቀን ከሌሊት ሲሠሩ የነበሩ ካርዶች በአንድ ጊዜ ሥራ ፈቱና ገበያ ላይ ፈሰሱ። በዱባይ አድርገው፣ በካምፓላ አድርገው፣ ኒሙሌን ተሻግረው እኛ ጋ ደረሱ። (አንዳንዱ "ከኢትዮጵያ ማይኒንግ የወጣ ነው" እያለ ያወራል። አገር ቤት ከኤሌክትሪክ ኃይል ኮንትራት የወሰዱት የቢትኮይን ድርጅቶች የሚጠቀሙት ለዚያ ብቻ የተሠራ ኤሲክ የሚባል ማሽን ነው፤ ግራፊክስ ካርድ አይደለም። ወሬውን ተዉት።)

ማይኒንግ ብቻውን ካርድ ይገድላል አልልም። ጠንቃቃ ማይነር ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ የኮሩን ቮልቴጅ ስለሚቀንስ፣ ቺፑ ደህና ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የሚያረጁት ፋኑ፣ ፓዱና ሜሞሪው ናቸው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ካርድ አጽድቶ፣ ፓስት ለውጦ፣ ባዮሱን መልሶ፣ "ያገለገለ ነው፣ ይህን ይህን አድርጌለታለሁ" ብሎ መሸጥ ነውር የለበትም። ጥሩ ንግድ ነው፤ እኔም አደርገዋለሁ። ነውሩ ከዚያ ሥራ ሸሽቶ፣ በአምስት ደቂቃ አፍተርበርነር ከፍቶ ቁጥሩን ሽቅብ መግፋት፣ ኮምፒዩተሩ በተነሳ ቁጥር ራሱ እንዲጭነው አድርጎ "ስፔሻል ነው" ማለት ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። በ2018 መጨረሻ ለቻይና ገበያ የወጣ "580" የሚባል ሌላ ካርድ አለ። ዋናው 2,304 ኮር ሲኖረው ይኼኛው ያለው 2,048 ነው፤ በተግባር 570 ማለት ነው። አንዳንዶቻችን እሱን እንገፋና ከዋናው ጋር እናስተካክለዋለን፣ ከዚያም በዋናው ዋጋ እንሸጠዋለን። ገዢዎች፣ ጂፒዩ-ዚ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ከፍታችሁ "ሼደርስ" የሚለው መስመር ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። ሻጩ ሲያስከፍታችሁ ፊቱ ከጠቆረ መልሱን አግኝታችኋል።

አሁን መልስ የሚሰጡኝን እሰማቸዋለሁ። "ኦቨርክሎክ ዓለም ሁሉ ያደርገዋል" ይሉኛል። ያደርገዋል። ሪከርድ ለመስበር ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚያፈሱም አሉ፤ ለደቂቃዎች ነው የሚያስሮጡት፣ ካርዱም የራሳቸው ነው፣ ቢቃጠል ማንንም አይከሱም። ኤሲ ያለው ክፍል ውስጥ፣ ታሪኩን የሚያውቀውን የራሱን ካርድ የሚገፋ ሰው ጋ ጠብ የለኝም። ጠቤ በሌላው ኪስ ከሚጫወተው ጋር ነው።

"ደንበኛው ራሱ ፈጣን ነው የሚጠይቀው" ይሉኛል። ይህችኛዋ ግማሽ እውነት ናት፣ ገዢዎችም ጆሯችሁን ስጡኝ። ሱቅ ገብታችሁ "ስንት ነው የሚሮጠው?" ብቻ ከጠየቃችሁ የሚነገራችሁ እሱ ብቻ ነው። አንድ ሰው "ስንት ነው የሚሞቀው፣ ክፍሉስ አሁን ስንት ዲግሪ ነው?" ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም።

"ጁባ ዝቅ ያለ ስለሆነ አየሩ ወፍራም ነው፣ ፋን ይሠራል" ያለኝም አንድ የተማረ አለ። ልክ ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ጁባ 550 ሜትር ገደማ፣ የአዲስ አበባ አየር ቀጭን ነው። ነገር ግን ያ የምታገኛት ጥቅም መገናኛ 22 ዲግሪ ውስጥ ተፈትኖ እዚህ 40 ውስጥ ለሚገባ ካርድ ምን ትፈይዳለች? በማርች 2024 የደቡብ ሱዳን መንግሥት 45 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል ብሎ ትምህርት ቤት ዘጋ። በፌብሩዋሪ 2025 ጁባ ውስጥ ተማሪዎች በሙቀት እየወደቁ እንደገና ዘጋ። ልጅ ከክፍል በሚወጣበት ሙቀት ካርድ ገፍቶ መሸጥ ምን የሚሉት ነው?

የሌላዋን እህቴን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። እዚሁ ጉዴሌ ጌም ቤት አላት፤ አምስት ኮምፒዩተር፣ ሁሉም በጀነሬተር። በአካባቢው ቋንቋ "ካህራባ ማፊ" የሚለውን፣ መብራት የለም ማለት ነው፣ ከሰላምታ እኩል ነው የምንሰማው። አምስቱም ካርዶች ተገፍተው ነው የተሸጡላት። ቤንዚን አልችል አለች። ቁጭ ብለን አሰብነው፦ ካርዱ ዝቅ ብሎ ቢሠራ በአንዱ ኮምፒዩተር ወደ 65 ዋት ይቀንሳል። በቀን ስምንት ሰዓት ሲሆን ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ነው። ትንሽ ጀነሬተር ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ትጠጣለች። በአምስት ኮምፒዩተር በቀን ከአንድ ሊትር በላይ ቤንዚን ማለት ነው፣ ለማይታይ ሦስት ፍሬም። ሁሉንም አወረድናቸው። ከሚጫወቱት ልጆች አንድም ያስተዋለ የለም፤ "ዛሬ ፋኑ አይጮህም" ያለ አንድ ነበር እንጂ።

ስለዚህ የእኔ ክርክር ይህ ነው፦ ጁባ ላይ አሮጌ ካርድ ወደ ታች ነው የሚስተካከለው። የልጁን ካርድ ወደ ፋብሪካው ባዮስ መለስኩት፣ ነጠብጣቡም ጠፋ፤ ያቃጠለው እሱ አልነበረም፣ የተነካካው ሜሞሪ ነው። ከዚያ ፍጥነቱን 1,200 አደረግኩ፣ ቮልቴጁን 0.95። ሂሳቡን ስትሠሩት ቺፑ ፋብሪካው ካወጣው ኃይል ስድሳ በመቶ አካባቢ ብቻ ይበላል፤ ፍጥነቱ የሚቀንሰው ግን በአስር በመቶ ብቻ ነው። ሁሉም ካርድ ይህን ቁጥር አይቀበልም፤ ቮልቴጁን በትንሽ በትንሹ እያወረዳችሁ፣ በየደረጃው ግማሽ ሰዓት እየፈተናችሁ፣ ከተንገዳገደ አንድ እርከን መመለስ ነው። ለኤኤምዲ ካርድ በራሱ ድራይቨር ውስጥ ይገኛል፤ ለኤንቪዲያ፣ ለምሳሌ ለጂቲኤክስ 1060፣ አፍተርበርነር ላይ ነው። አያችሁ፣ ለመግፋት የምትጠቀሙበት ያው ፕሮግራም ለማሳረፍም ይሆናል።

ማቀዝቀዝን በተመለከተ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር የለም፣ እጅ ነው የሚጠይቀው። የጉዴሌ አቧራ ቀይ ነው፣ ደቃቅ ነው፣ መኪና ባለፈ ቁጥር ይገባል። ኮምፒዩተሩን ከመሬት አንሱት፤ ጠረጴዛ ላይ አድርጉት። አየር በሚያስገባው በኩል ቀጭን የሴት ስቶኪንግ ወጥራችሁ በየሳምንቱ እጠቡት። ቡና የሚፈላበት ክፍል ውስጥ ከሆነ ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ እንጂ፣ እጣኑን ከኮምፒዩተሩ አርቁ። የእጣንና የከሰል ጭስ ሂትሲንኩ ላይ ሙጫ ሆኖ ይቀመጥና አቧራውን እንደ ሊጥ ያጣብቀዋል፤ ያንን በንፋስ ብቻ ማስለቀቅ አይቻልም። ከሀበሻ ቤት የመጣን ካርድ ገና ሳልፈታው በሽታው አውቀዋለሁ።

ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ በኮምፕረሰር የምታስነፉ፣ ሁለት ነገር። ታንኩ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፤ መጀመሪያ ውሃውን ያውጣው፣ ወደ መሬት ይንፋውና ደረቅ መሆኑን እዩ። ፋኑን ደግሞ በጣታችሁ ያዙት፤ በንፋስ ኃይል ካበደ ቡሹ ያልቃል። ፓስት በየዓመቱ ለውጡ። የሜሞሪ ፓድ ሲያልቅ ውፍረቱን ለክታችሁ በፓድ ተኩ፤ ፓስት አትሙሉበት፣ ክፍተቱን አይሞላም። የጉንን ሽፋን ከፍቶ የቤት ቬንትሌተር መደገን የሚወዱም አሉ፤ ለአንድ ቀን ይረዳል፣ ለወር ከሆነ ግን አቧራ እየጋበዛችሁ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ካርድ የሚጠብሱትን። የሞተ ካርድ በሂት ገን አሙቀው፣ ለጥቂት ቀን ነፍስ ሲዘራ "ተጠግኗል" ብለው ይሸጣሉ። ብዙ ጊዜ የተሰበረው በቺፑ ውስጥ ያለው ረቂቅ ግንኙነት ነው፤ ሙቀቱ ለጊዜው ያነካካዋል እንጂ አይጠግነውም። ሳምንት፣ ወር፣ ከዚያ ያው ጥቁር ስክሪን። የጠበሰው ሰው ይህን ያውቃል። ሳያውቅ የሚያደርገውን ላስተምረው እችላለሁ፤ አውቆ የሚያደርገውን ግን ሌባ ከማለት ሌላ ቃል የለኝም።

እኛ እዚህ አገር እንግዳ ነን። እርስ በርስ የምንገዛው ደረሰኝ ስላለን አይደለም፤ "የሀበሻ ሱቅ ነው" ብለን ነው። ያ ልጅ ካምፓላ ሄዶ መግዛት ይችል ነበር። ያልሄደው ስላመነ ነው። ሻጩም "አንተ ነህ ያቃጠልከው" ሲለው ካርዱን ብቻ አይደለም የካደው፤ ከአሁን በኋላ ያ ልጅ ለማን ብሎ ከወገን ይግዛ? እናቱ አገር ቤት ሆና ከእጁ ትጠብቃለች።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ያገለገለ ካርድ የምትሸጡ ወንድሞቼ፣ ከፋብሪካው ባዮስ ጋር፣ ከፋብሪካው ፍጥነት ሳይበልጥ ሽጡ። ፓስቱን ለውጡ፤ ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ስትፈትኑ ኤሲውን አጥፉ፣ ሰዓቱ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ከቀን ይሁን፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ፈርማርክ ላይ ይቆይ። በወረቀት ላይ ሁለት ቁጥር ጻፉለት፦ ክፍሉ ስንት ዲግሪ እንደነበር፣ ካርዱ ስንት እንደደረሰ። የአንድ ወር ዋስትና ስጡ። ይህን ማድረግ የማይችል ካርድ የሚሸጥ ካርድ አይደለም፤ ለመለዋወጫ አውጡት።

ገዢዎችም ወረቀቱን ካልሰጧችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። በኤሲ ውስጥ ካሳዩዋችሁም ቀንሳችሁ ደምሩ፤ ካርዱ ካሳየው የክፍሉን ሙቀት ቀንሱ፣ በቀረው ላይ 40 ደምሩ። 85 ካለፈ አትንኩት።

"አንተ ደንበኛ ልትነጥቀን ነው" ለሚለኝ ደግሞ መልስ አለኝ። የኔ ሱቅ ኤሲ የለውም። ቆርቆሮው ከሰዓት በኋላ እጅ ያቃጥላል። ያንን "ስፔሻል" የምትሉትን ካርድ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ አምጡትና እኔ ጠረጴዛ ላይ፣ ሰው ባለበት፣ ግማሽ ሰዓት ይሩጥ። የልጁ ካርድ ጎኑ ይቀመጣል። ትናንት በዚያ ሰዓት፣ ክፍሉ 40 ሆኖ፣ 76 ላይ ቆሞ ሰርጉን ሲያወጣ ነበር፤ ሙሽሮቹ ቪዲዮአቸውን ማታ ወስደዋል።